ልጓሙ በማን አፍ ነው?

በዚህ ወር በዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ ፈረስና ስለ ፈረሰኛ ነው። «በቤተሰብ ዓምድ ውስጥ ፈረስ ምን ሊሠራ ገባ?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ በፈረስ ጀርባ ላይ ያሳለፈ ሰው ስለ ትዕግሥት፣ ስለ መተማመንና ራስን ስለ መግዛት የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በየቤታችን የጎደሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ እስኪ ባልና ሚስት አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡና አብራችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ወደ ጎጃም ደጋ እንሂድ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራን ያልፋል። እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱና ዝናቡ ይታወቃል። በዚያ አካባቢ ፈረስ የጌጥ እንስሳ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ይጭናል፣ ገበያ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶም ይወጣል። ገበሬው ትናንት ያረሰበትን ፈረስ ዛሬ አጥቦና አስጊጦ አደባባይ ይወጣበታል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያደርገው በዓል ይታወቃል። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በዕለቱ ፈረሰኞች በየወገናቸው ይሰለፋሉ፤ ሽምጥ ይጋልባሉ፤ ጉግስ ይጫወታሉ። ዕለቱ በኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ዘንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል እንደ መሆኑ መጠን፣ ከወንጌላውያን መካከል «እኔ በዚህ ምን ድርሻ አለኝ?» ብለው የሚያመነቱ ይኖራሉ። ይህን እያንዳንዱ በጌታ ፊት በኅሊናው የሚወስነው ነገር ነው። እኛ ግን ከጎረቤቶቻችን ልንማረው የሚገባ አንድ ነገር እናገኝበታለን።

እርሱም ውለታን ማስታወስ ነው። ማኅበሩ ሲቋቋም መነሻ የሆነው በዓድዋ ጦርነት ፈረሶች የሠሩትን ሥራ መዘከር እንደ ነበር ይነገራል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠራዊታቸውን ይዘው ዘምተዋል። ከጎጃም እስከ ዓድዋ ያለውን ተራራና ገደል አስቡት። ስንቅ የተሸከመው፣ ጦረኛውን ያደረሰው፣ በጦሩም መካከል የገባው የጋማ ከብት ነው። ሰው ድሉን ለራሱ ወስዶ የተሸከመውን ሊረሳ ይችል ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን «የተሸከመንን አንረሳም» አሉ።

በአገራችን ታሪክ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ እንደ ነበርም ታውቃላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ይባሉ ነበር። ከእነርሱ አንዳቸውም በተሸከማቸው ፈረስ ስም መጠራትን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም። እንዲያውም ክብራቸው ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እስኪ ራስህን ጠይቅ፤ እስኪ ራስሽን ጠይቂ። እዚህ ያደረሰኝ ማን ነው? በማታ ትምህርት ስትማር ልጆቹን ብቻዋን ያስተኛች ማን ናት? ስትታመሚ ከሐኪም ቤት ደጃፍ ያልጠፋው ማን ነው? በአገልግሎት ወጥተህ ስትመሰገን፣ ሸሚዝህን ተኩሳ፣ እንግዳህን ተቀብላ የላከችህ ማን ናት? ለፈረስ ውለታ ቀን የተቆረጠለት አገር ውስጥ፣ ለትዳር ጓደኛችን አንዲት የምስጋና ቃል የጠፋበት ቤት መኖሩ አያሳዝንምን?

አሁን ደግሞ ከአገራችን ወጣ ብለን በዓለም መድረክ ላይ ያለ አንድ የፈረስ ውድድር እንመልከት። ኢቨንቲንግ ይባላል። መነሻው የወታደር ፈረስና ፈረሰኛን ብቃት መፈተን ነበር። በኦሊምፒክ ጨዋታ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1912 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት የሚወዳደሩት በአብዛኛው የጦር መኮንኖች ነበሩ። ሴቶች በዚህ ውድድር በኦሊምፒክ መሳተፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ነው። ውድድሩን ከሌሎች የሚለየው አንድ ፈረሰኛ ከአንድ ፈረስ ጋር ሦስት የተለያዩ ፈተናዎችን ማለፍ ያለበት መሆኑ ነው። በአንዱ ጎበዝ ሆኖ በሌላው የሚወድቅ አያሸንፍም። እኔ እነዚህን ሦስት ፈተናዎች ባሰብሁ ቁጥር ትዳር ይታየኛል።

የመጀመሪያው ፈተና በተስተካከለ ሜዳ ላይ የሚደረግ የመታዘዝ ፈተና ነው። አጥር የለም፤ ዝላይ የለም። ፈረሱ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በቀስታ ግልቢያ የታዘዘውን እንቅስቃሴ ያሳያል። ዳኞች የሚያዩት በፈረሱና በፈረሰኛው መካከል ስምምነት መኖሩን ነው። ፈረሰኛው የሚያዘው በእግሩ፣ በአቀማመጡና በእጁ ለስላሳ ምልክት ነው። በዚህ ፈተና ፈረሱ ላይ መጮኽ ቀርቶ ምላስን ማንኳኳት እንኳ ነጥብ ያስቀንሳል። መጮኽ ያስፈለገው ፈረሰኛ ቀድሞ ያልሠራው ሥራ አለ ማለት ነው።

የትዳርም የመጀመሪያ ፈተና ችግር በሌለበት ቀን ነው። ሁሉ ደኅና በሆነበት ማክሰኞ ማታ፣ እራት ቀርቦ፣ ልጆች የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እንዴት ትነጋገራላችሁ? ሚስት «ደክሞኛል» ሳትል ባል ከፊቷ ያነብባልን? ባል ከሥራ ሲገባ ፊቱ የጠቆረው በእርስዋ ተቆጥቶ ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ነገር መሆኑን ሚስት ታውቃለችን? ይህ መተዋወቅ በአንድ ጀንበር አይመጣም። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚገነባ ነው። በሰላሙ ቀን ያልተማርነውን ቋንቋ በመከራው ቀን ልንናገረው አንችልም።

ሁለተኛው ፈተና የገጠር ግልቢያ ነው። ፈረሱ በሜዳና በቁልቁለት፣ በውኃና በቦይ እየሮጠ የማይነቃነቁ ጠንካራ መሰናክሎችን ይዘላል። ግንዱ ግንድ ነው፤ ቢነኩት አይወድቅም። ፈረሱ መሰናክል ፊት ቆሞ «አልዘልም» ቢል ለመጀመሪያው እምቢታ 20 የቅጣት ነጥብ ይቆጠራል። በዚህ ፈተና ውስጥ በጣም የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። ፈረሰኛው ከውድድሩ በፊት መንገዱን ሁሉ በእግሩ እየዞረ ያጠናል፤ ፈረሱ ግን መሰናክሎቹን የሚያያቸው በሩጫው ላይ ነው። ከውኃው ማዶ ምን እንዳለ አያውቅም። የሚዘለው ፈረሰኛውን ስለሚያምነው ነው። እምነቱ ደግሞ በከንቱ የመጣ አይደለም፤ በልምምድ ጊዜ ፈረሰኛው አታልሎት ስለማያውቅ ነው።

በትዳራችንም እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል። ሥራ ይጠፋል፤ በሽታ ይገባል፤ የቤት ኪራይ ይጨምራል፤ ልጅ የሚጠበቀው ይዘገያል፤ ወላጅ ይሞታል። በእነዚህ ዓመታት በአገራችን የደረሰው የሰላም መታወክም የብዙ ቤተሰቦችን በር አንኳኩቷል። እንዲህ ባለው ጊዜ አንዱ ለሌላው «ማዶው ባይታየኝም ከአንተ ጋር እሻገራለሁ» የሚለው ቀድሞ መተማመን ከነበረ ነው። ደመወዙን የደበቀ ባል፣ ብድሯን የሸሸገች ሚስት፣ በጭንቅ ቀን «እመነኝ»፣ «እመነኝ» ቢባባሉ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መንገዱን አስቀድማችሁ አብራችሁ በእግር ዙሩት። የወሩን ገቢና ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለዘመድ የምትረዱትን ተስማምታችሁ ወስኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብራችሁ ተንበርከኩ። ምሳሌ 21፥31 ሰው ፈረሱን ለጦርነት ቀን እንደሚያዘጋጅ፣ ድሉ ግን በእግዚአብሔር እጅ እንዳለ ያስተምረናል። ቃሉ ዝግጅቱን አልነቀፈም፤ መተማመኛችንን ግን ወደ ጌታ አዞረው።

ሦስተኛው ፈተና በሜዳ ውስጥ በቆሙ አጥሮች ላይ የሚደረግ ዝላይ ነው። በዚህ ጊዜ አጣናዎቹ በቀላሉ የሚወድቁ ናቸው። ፈረሱ በእግሩ ጫፍ ነክቶ አንዱን ቢጥል 4 የቅጣት ነጥብ ነው። ትናንት ትልቁን ግንድ የዘለለ ፈረስ ዛሬ ቀጭን አጣና ሊጥል ይችላል። ለምን? ደክሞታል። ስለዚህም ከዚህ ፈተና በፊት የእንስሳት ሐኪምና ዳኞች ፈረሱን በሶምሶማ እያስሮጡ ያዩታል። የሚያነክስ ከሆነ ይቀራል። ባለቤቱ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቢመጣ፣ ሜዳልያውም ቢቀርብ፣ ያነከሰ ፈረስ አይጋለብም።

ስንት ባልና ሚስት ታላቁን መከራ አብረው አልፈው፣ ከዚያ በኋላ በጥቃቅን ነገር ይፈርሳሉ! ረሃቡን አብረው ያለፉ በቴሌቪዥን መክፈቻ ይጣላሉ። ልጅ ቀብረው የተጽናኑ በጨው መብዛት ይኳረፋሉ። አትፍረዱባቸው፤ ደክመው ነው። የሚያስፈልጋቸው ተግሣጽ ሳይሆን ምርመራ ነው። እናንተም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ፣ የጋብቻችሁ ቀን ሲደርስ ይሁን፣ ተቀምጣችሁ ተጠያየቁ፤ «በእኔ ምክንያት የሚያነክስህ ነገር አለ? በእኔ ምክንያት ያቆሰለሽ ነገር አለ?» ስትጠይቁም መልሱን ለመስማት ተዘጋጁ። አገልግሎት በዝቶባችሁ ከሆነ ለመሪዎቻችሁ ንገሩና ዕረፉ። አንክሶ የሚጋለብ ትዳር ለቤተ ክርስቲያንም አይጠቅምም።

ስለ ፈረሰኛ ሕይወት ካነሣን አይቀር የሁለት ሰዎችን ታሪክ ላካፍላችሁ። ቢል ሮይክሮፍት የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ በ45 ዓመቱ ተወዳደረ። በገጠር ግልቢያው ላይ ወደቀና ክፉኛ ተጎዳ፤ ሆስፒታልም ገባ። ነገር ግን ቡድኑ ያለ እርሱ ውጤቱን ማጠናቀቅ አይችልም ነበር። ከሆስፒታል ወጥቶ ለመጨረሻው ዝላይ በፈረሱ ላይ ተቀመጠ፤ አንድም አጣና ሳይጥል ጨረሰ፤ ቡድኑም የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩለት ይህን ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሦስቱም ወንዶች ልጆቹ እያደጉ ለአገራቸው በኦሊምፒክ ጋለቡ። እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል፣ በ61 ዓመቱ፣ ከልጁ ጋር በአንድ ቡድን ሆኖ የነሐስ ሜዳልያ ወሰደ። አባት የሚያደርገውን ልጆች ያያሉ። የምንላቸውን ሳይሆን የምንሆነውን ይወርሳሉ።

ሁለተኛው ጀርመናዊው ሚካኤል ዩንግ ነው። አሠልጣኙ የገዛ አባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደንና በ2016 በሪዮ በግል ውድድር ወርቅ ያገኘው ሳም በሚባል በአንድ ፈረስ ነው። በለንደን ሳም 12 ዓመቱ፣ በሪዮ ደግሞ 16 ዓመቱ ነበር። ዩንግ በ2024 በፓሪስ ከሌላ ፈረስ ጋር ሦስተኛውን ወርቅ ጨመረ። በዚህ ሙያ በአንድ ቀን የሚገኝ ነገር የለም። ፈረሱን ከመግራት እስከ ታላቁ መድረክ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የሚቸኩል ሰው ፈረሱንም ራሱንም ይሰብራል። ገና በሁለተኛው ዓመት «አልሆነልንም» ለምትሉ ወጣት ባለትዳሮች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

የተወደዳችሁ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። እስከ አሁን ስለ ፈረስና ፈረሰኛ ስንናገር፣ አንዳንድ ባሎች በልባቸው «ፈረሰኛው እኔ ነኝ፤ ፈረሷ ሚስቴ ናት» ብለው አንብበው ይሆናል። ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ! ሴትን ከፈረስና ከበቅሎ ጋር አዳብለው የሚናገሩ የድሮ ተረቶች በአገራችን አሉ። እነርሱ የወንጌል አይደሉም። ሚስትህ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረች፣ በክርስቶስ ደም የተዋጀች፣ የሕይወትን ጸጋ ከአንተ ጋር የምትወርስ ናት። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ 3፥7 ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንኳ እንደሚታገድ ያስጠነቅቃል። ጅራፍና ልጓም ለእርስዋ አልተሠራም። በሚስት ላይ እጅን ማንሣት «ተግሣጽ» አይደለም፤ ኃጢአት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕጋችንም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል ነው። እህቴ ሆይ፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ካለሽ ዝምታሽ መንፈሳዊነት አይደለም። ለምታምኚያቸው ሽማግሌዎች፣ ለመጋቢሽ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ለሕግ ተናገሪ። ሽማግሌዎችም «ቻይው» ብላችሁ ብቻ አትመልሷት።

ታዲያ ልጓሙ በማን አፍ ነው? መልሱ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ አለ። ያዕቆብ ፈረስን በልጓም እንደምንመራው ካነሣ በኋላ የሚሻገረው ወደ ሚስት ወይም ወደ ባል አይደለም። የሚሻገረው ወደ ገዛ አንደበታችን ነው። ልጓሙ የሚገባው በእኔ አፍ ነው፤ በአንተ አፍ፣ በአንቺ አፍ ነው። ያልተገራው ፈረስ የራሳችን ቁጣ፣ የራሳችን ኩርፊያ፣ የራሳችን አሽሙር ነው። መዝሙር 32፥9 ማስተዋል እንደሌላቸው እንደ ፈረስና እንደ በቅሎ እንዳንሆን ይመክረናል። ያለ ልጓም የማይቀርብ ሰው አትሁኑ ማለቱ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ባል ለታናሽ ወንድሙ ገንዘብ ላከ፤ ለሚስቱ አልነገራትም። እርስዋ ከሌላ ሰው ሰማች። ማታ ሲገባ «ቤተሰቦችህ እንደ መዥገር ናቸው» አለችው። እርሱም «አንቺ ከነእናትሽ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አላት። እነሆ፣ ጉዳዩ ገንዘቡ መሆኑ ቀረ። ገንዘቡ በሁለት ወር ይተካል፤ እነዚህ ሁለት ንግግሮች ግን ዐሥር ዓመት ይኖራሉ። ሁለቱም አማኞች ናቸው፤ ሁለቱም እሑድ ይዘምራሉ። የጎደላቸው እውቀት አይደለም፤ ልጓም ነው። እርስዋ «ሳትነግረኝ መላክህ እንደ ባዕድ የቆጠርከኝ መሰለኝ» ብትል፣ እርሱም «እምቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው፤ ይቅርታ» ቢል፣ ሌሊቱ በሰላም ባለፈ ነበር።

ልጓም መያዝ ማለት ደግሞ ዘወትር መሳብ ማለት አይደለም። እጁ የከበደ ፈረሰኛ የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ የቆሰለ አፍ ደግሞ መደንዘዝ ይጀምራል። በኩርፊያ ሳምንት የሚዘጋ ሰው ልጓሙን አልያዘም፤ አፉን ቆልፏል። ራስን መግዛት ማለት ሊነገር የሚገባውን በጊዜውና በለዘብታ መናገር ነው። ይህም በራሳችን ጉልበት አይሆንም። ገላትያ 5 ራስን መግዛትን ከመንፈስ ፍሬዎች መካከል ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ አልቆጣም» ብለን በመማል ሳይሆን፣ በየማለዳው ለመንፈስ ቅዱስ ልጓሙን በማስረከብ እንጀምር።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶቻችን። የሰማችሁት ስብከት፣ ያነበባችሁት መጽሔት፣ ይህ ዓምድም ጭምር፣ እስከ ቤታችሁ ደጃፍ ያደርሳችሁ እንደ ሆነ እንጂ ቁጣችሁን አይዋጋላችሁም። ውጊያው የዛሬ ማታ ነው፤ ኃይሉም ከጌታ ነው።

ለባልና ለሚስት የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ባለፈው ዓመት የተሸከምከኝ፣ የተሸከምሽኝ መቼ ነበር? ለዚያስ አመስግኜ አውቃለሁን?

2. ከሦስቱ ፈተናዎች (ከሰላሙ ቀን፣ ከመከራው ቀን፣ ከድካሙ ቀን) አሁን ቤታችን የትኛው ላይ ነው?

3. ከአፌ ወጥቶ እስከ ዛሬ ያልዳነ ቃል አለ? (መልሱ ሲሰጥ አትከራከሩ፤ ስሙና ይቅርታ ጠይቁ።)

4. ልጆቻችን ስንጣላ ያዩናል። ስንታረቅስ ያዩናልን?

አብረን እንጸልይ፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ አንደበቴን ለአንተ እሰጣለሁ። በቁጣ ሽምጥ የጋለብሁባቸውን ቀኖች ይቅር በለኝ። የሰጠኸኝን የትዳር ጓደኛ እንድከብር፣ ስትደክምም ስበረታም አብሬ እንድሻገር እርዳኝ። ቤታችን የአንተ ይሁን። አሜን።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።